የነቀዝ ዱቄትና ያልተነገረኝ እርግዝና

ቆይ፣ ቆይ፣ ሳቄን ልጨርስ። ትንፋሼ እስኪመለስ ታገሡኝ። አንድ የተከበረ ሰው የነገረኝ ቃል ትዝ ባለኝ ቁጥር እንዲህ ያደርገኛል፤ ቃሉን ግን አሁን አልነግራችሁም። ጣፋጩ ኋላ ነው የሚመጣው። አሁን ብነግራችሁ ሰምታችሁ ትሄዳላችሁ፤ እኔ ደግሞ አድማጭ ሲያመልጠኝ አልወድም። ስለዚህ ወንበር ሳቡና ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

በእኛ አገር እርጉዝ ሴት እንደ ፎቶ ማንሻ ናት ይባላል። ያየችው፣ ያማራት፣ የደነገጠችበት ሁሉ ልጁ ላይ ታትሞ ይወጣል። ከሰፈራችን አንድ ሰው ጉንጩ ላይ ጉበት የመሰለ ምልክት አለው። ለምን? እናቱ ሥጋ ቤት ደጃፍ ስታልፍ ጉበት አማራት፤ መጠየቅ አፈረችና ጉንጯን አከከች፤ አለቀ። ሌላዋ ጎረቤቴ ደግሞ እሷም ባሏም እንደ ከሰል ጠቁረው ልጃቸው ቀይ ዳማ ሆኖ ተወለደ። ምክንያቱ ሲጠየቅ፣ በእርግዝናዋ ወራት የአረቡን ሱቅ አዘውትራ ታይ ስለነበር ነው አሉን። እኛም አመንን። ሱቁን ብቻ ከሆነ እንግዲህ።

በዚህ የተነሳ አርግዣለሁ ያለች ሴት ምንም አይነፈጋትም። ቆሎ ስትል ቆሎ፣ ብርቱካን ስትል ብርቱካን፣ የግድግዳ አፈር ስትል ግድግዳው ይፈርስላታል። ባልየው በክረምት ዝናብ ወጥቶ ያማራትን ፈልጎ ካልመጣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ይፈርድበታል። ነውር አይደለም፤ ደግ ልማድ ነው። ብቻ አንድ ነገር ይገርመኛል፤ ለአፏ እንዲህ የምንጨነቅ ሰዎች ለእጇና ለአፍንጫዋ ማናችንም አስበን አናውቅም ነበር። እሷ በእጇ ምን ትነካለች? ቀኑን ሙሉ ምን ስትተነፍስ ትውላለች? ማንም አይጠይቅም። እኔ ብርቄ ደግሞ ከማንም የባስኩ ነበርኩ።

እኔ መርካቶ፣ እህል በረንዳ የባቄላና የሽምብራ ነጋዴ ነኝ። የእህል ነጋዴ ጠላቱ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሌባ አይደለም፤ ሌባ አንድ ጆንያ ወስዶ ይሄዳል። ተቆጣጣሪም አይደለም፤ እሱ ቢያንስ ደረሰኝ ይጽፋል። ጠላታችን ነቀዝ ነው። ነቀዝ ባቄላው ውስጥ ገብቶ ቤት ይሠራል፣ ይዋለዳል፣ መስኮት ይከፍታል። ገዢ እፍኝ ዘግኖ ሲያይ ባቄላው እንደ ዋሽንት ተበስቶ ያገኘዋል።

ለነቀዝ ደግሞ መድኃኒቱ ዲዲቲ ነበር። ነጭ፣ ልስልስ፣ የፉርኖ ዱቄት የመሰለ ነገር ነው። ለወባ ትንኝ ወደ ቆላ ይላካል ሲባል እንሰማለን፤ እንዴት እንደሆነ እንጃ እግሩ መርካቶን ሳይረግጥ አያልፍም። መርካቶን የማይረግጥ ምን አለ? በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይሸጥልናል፤ ጋዜጣው ላይ ስለ ምርት ዕድገት ተጽፏል፣ ውስጡ ዲዲቲ አለ። ለትኋን ፍራሽ ላይ፣ ለቅማል ሕፃን ራስ ላይ፣ ለነቀዝ ባቄላ ላይ እንነሰንሰዋለን። የጎን ጎረቤቴ ጋሽ ሸምሱ፣ ምስርና አተር ሻጩ፣ “ዲዲቲ የሌለው ባቄላ ጨው የሌለው ወጥ ነው” ይል ነበር። ልክ እንደ ሃይማኖት ነው የያዘው።

ዱቄቱን ከባቄላው ጋር የምትለውስልኝ የእህቴ ልጅ ሙላቷ ነበረች። እህቴ ስትሞት በሰባት ዓመቷ ከደብረ ብርሃን አምጥቼ አሳደግኋት፤ እኔ ከማህፀኔ አልወጣልኝምና ልጄም እህቴም ጓደኛዬም እሷ ናት። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ዛሬ አሰብ፣ ነገ ደሴ፣ እቤት ሲገኝ ተኝቶ ነው። ሙላቷ ባቄላውን ሸራ ላይ ዘርግታ፣ እጅጌዋን ጠቅልላ፣ ዱቄቱን እየነሰነሰች በሁለት እጇ ታሸዋለች። እስከ ክርኗ ድረስ ነጭ ትሆናለች። ሊጥ ያቦካች ትመስላለች። ሽፋሽፍቷ ሳይቀር ይነጣል። “አሮጊት መሰልሽ!” እያልኩ እስቅባት ነበር።

ይህች ልጅ ሁለት ጊዜ ፀንሳ ሁለት ጊዜ በአራተኛ ወሯ ወርዶባታል። ሁለቱንም ጊዜ በሁለተኛ ወሯ ነግራኛለች፤ እኔም በዚያው ዕለት ከሸማ ተራ እስከ ሶማሌ ተራ ለማውቀው ሰው ሁሉ አበሰርኩ። ምን ላድርግ፣ ደስታ ሆዴ ውስጥ አያድርም! ሲወርድባት ታዲያ ሰው “ዓይን ነው” አለ። እኔም “ዓይን ነው” አልኩ። ዓይንን መክሰስ ደግሞ ደስ ይላል፤ ቀበሌ ቀርቦ አይከራከርም።

እንዲህ እያለን አንድ ክረምት የሴቶች ማህበር ስብሰባ ተጠራ። በዚያ ጊዜ ስብሰባ ማለት ተወዳጅ ነገር ነው፤ የቀረች ሴት የራሽን ስኳሯን ትርሳው ስለሚባል። እኔና ሙላቷ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከጤና ጣቢያ አንዲት ቀጠን ያለች፣ ድምፅዋ እንኳ ቀጠን ያለ፣ ልጅ እግር ሲስተር መጥታ ስለ ነፍሰ ጡር እናቶች ማስተማር ጀመረች። ስለ ጎመንና ስለ እንቁላል ስታወራ እያንቀላፋሁ ነበር። ድንገት “ዲዲቲ” ስትል ነቃሁ። ሸቀጥ ሲጠራ የማይነቃ ነጋዴ አለ እንዴ?

ነገሩን እንዲህ ነው ያስረዳችው። ዱቄቱ ነቀዙን ገድሎ አይቆምም፤ በእናቲቱ ስብ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፣ ከዚያ በእትብት በኩል ወደ ፅንሱ ይሻገራል። ፅንሱ ደግሞ ገና እየተሠራ ያለ ቤት ነው። ሰውነታችን ውስጥ ሆርሞን የሚባሉ መልእክተኞች አሉ፤ “አንተ አጥንት እደግ፣ አንቺ አንጎል ብሰዪ፣ ጥርስ ሆይ ጊዜሽ ሲደርስ ውጪ” እያሉ ትእዛዝ ያደርሳሉ። ይሄ ዱቄት መልእክተኛውን አስመስሎ ይገባል። ፅንሱ አያውቀውም፣ ትእዛዝ መስሎት ይቀበለዋል። ጉዳቱ አንዳንዱ ሲወለድ ይታያል፣ አንዳንዱ ፊደል ሲቆጥር፣ አንዳንዱም ጎርምሶ። ፅንሱን ከነጭራሹ የሚያስወርድም አለ ይባላል አለች።

እውነቴን ነው፣ ነገሩ ወዲያው ነው የገባኝ። አስመስሎ የተቀረጸ ማህተም ማለት አይደል! አንዱ መጥቶ የቀበሌውን ማህተም አስመስሎ ቀርጾ ወረቀት ላይ ቢመታ፣ “ይህን ቤት አሽጉ” ቢል፣ በዚህ ዘመን ማን ይጠይቃል? ማህተም ያየ ሰው እጁን ለሰላምታ ያነሳል እንጂ “ከየት መጣህ” አይልም። ፅንስም እንደኛ ነው ማለት ነው፤ ማህተም ይፈራል።

ገባኝ ብዬ ግን ዝም አልኩ እንዳይመስላችሁ። ሸቀጤ ተነክቷላ! ብድግ አልኩና፣

“ሲስተር፣ እኛ እኮ ይህንኑ ስንምገው ነው የኖርነው፤ እስቲ እዪኝ፣ ምኔ ጎደለ?” ብዬ እንደ ሙሽራ ዞርኩላት። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

“ምንም አልጎደለብዎትም እትዬ” አለች ልጅቷ ሳትስቅ። “እናትዎ እርስዎን ሲያረግዙ ግን ዲዲቲ ቤታቸው ነበር?”

“ኧረ የምን ዲዲቲ! እናቴ ነቀዝን በፀሐይና በጤፍ ነው የምትመክተው!”

“እንግዲያውማ” አለች። ሳቁ ወደ እኔ ዞረ።

መሸነፍ አልወድም። “ለማንኛውም እኔ ቤት እርጉዝ የለም!” አልኩ ጮክ ብዬ። “እኔ ዘመኔ አልፏል፤ ይህችም” የሙላቷን ጭን ቸብ አደረግሁ “ይህችም ጎመን እየበላች ወፍራ ነው እንጂ ባዶዋን ናት!” ሴቱ ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ምነው ቀልዴ አላማረም አልኩ። ሙላቷ ጋቢዋን ሰብስባ ወጣች። ስኳሩም እንዳይጠፋ ብዬ እኔ እስከ መጨረሻው ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ሙላቷ ዱቄቱን አልነካም አለች።

“እጄን ያሳክከኛል።”

“ስንት ዓመት ያላሳከከሽ ዛሬ? የዚያች ቀጭን ወሬ ነው አይደል?”

“ያሳክከኛል አልኩሽ እኮ እቴቴ።”

ከዚያ በኋላ መታጠብ ሆነ ሥራዋ። ጠዋት ትታጠባለች፣ ቀን ትታጠባለች፣ ክርኗን በቃጫ ትፈትጋለች። በራሽን የምናገኛት አንዲት ሳሙና በሳምንቷ እንደ ከረሜላ ሟሙታ አለቀች። እኔ ጮኽኩ። መቼስ ስጮህ በረንዳው ሁሉ ይሰማል። ይሄኔ ጋሽ ሸምሱ ከአተሩ ጀርባ ብቅ ብሎ፣

“አንቺ ሴትዮ፣ ስድስት ወር የሆናትን ልጅ ለሳሙና ብለሽ ታስጨንቂያታለሽ?” አለኝ።

“የምን ስድስት ወር?”

ጋሽ ሸምሱ አፉን በእጁ ያዘ። “አስተግፊሩላህ!” ብሎ ወደ ሱቁ ተመለሰ።

ተከትዬው ገባሁና አወጣጣሁት። ለካ በረንዳው ሁሉ ያውቃል! ሻይ የምትሸጠው ታውቃለች። ጉልት ላይ ሽንኩርት የምትቸረችረው ታውቃለች። ድሮ ኩሊ የምንላቸው፣ አሁን ወዛደር የተባሉት ጆንያ ተሸካሚዎች (ስሙ ከበደ እንጂ ጆንያው አልቀለለም) እነሱ እንኳ ያውቃሉ፤ ሙላቷ ከባድ ነገር ልታነሳ ስትል እየተሽቀዳደሙ ይቀበሏታል። ምስጢር አንድ ሰዓት በማያድርበት መርካቶ፣ አንድ ምስጢር ስድስት ወር ተጠብቆ ኖሯል። የተጠበቀው ከኔ ነው! ያን ሁሉ ጊዜ በዓይኔ ሥር ጎመን ነው እያለች ጋቢዋን ደርባ ስትዞር፣ እኔ የሰው ወሬ እየለቃቀምኩ የራሴን ቤት ወሬ አጣሁት። የሰው ዓይን ጉድፍ ሲያወጡ ማለት ይሄ ነው።

እየበረርኩ ሄድኩባት። “ለእኔ፣ ላሳደግኩሽ፣ እንዴት ትደብቂኛለሽ?” አልኳት።

“ትናገሪያለሻ” አለች። “ዓይን ይበላብኛል ብዬ ፈራሁ።”

“ብትነግሪኝ ኖሮ ታዲያ ያንን መርዝ አስነካሽ ነበር?”

ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ በተሻለኝ።

“የፊተኞቹን ሁለቱን ነግሬሽ አልነበር?”

ነግራኛለች። በዚያን ጊዜ ብርቱካን አምሯት እንኳ መርካቶን አካልዬ አምጥቼላታለሁ፤ ብርቱካኑን ከባቄላው መሀል ቁጭ ብላ በዚያው በነጣ እጇ ላጠችና በላች። እኔም ፊቷ ቆሜ አምሮቷ ስለወጣላት እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ሱቄ ገብቼ ዝም ብዬ ስቀመጥ ሦስት ሰው “አሞሻል እንዴ?” ብሎ ጠየቀኝ። ጋሽ ሸምሱማ የሞተ ሰው ያለ መስሎት ነጠላዬን አዘቅዝቄ እንደሆነ አየ።

በነጋታው ሙላቷን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሲስተሯ በቀልድ የዞርኩላትን አልረሳችም፤ ግን አላነሳችብኝም። “እስካሁን የገባባት ምን ያደርገዋል? ልጁ ደህና ነው?” አልኳት።

“አላውቅም እትዬ” አለች። “እርግጠኛ ሆኖ የሚነግርዎት ካለ አይመኑት። እኛ የምንችለው ከእንግዲህ እንዳይጨመርባት ማድረግ ነው።”

መርካቶ ውስጥ “አላውቅም” የሚል ሰው አይቼ አላውቅም። እኛ ዘንድ መንገድ የጠየቅኸው ሰው ቦታውን ባያውቅም እንኳ በጣቱ አንድ አቅጣጫ ያሳይሃል። ለዚህ ይሆናል፣ ያች ልጅ አላውቅም ስትል ከዚያን ቀን ጀምሮ ያመንኳት።

ሱቄን አራግፌ አጠብኩ። ጆንያዎቹን ቀቀልኩ። የቀረኝን ዱቄት ከነጋዜጣው ወስጄ ለሲስተሯ አስረከብኩ፤ እሷም የት እንደምታደርሰው ግራ ገብቷት ቆመች። ሙላቷን እቤት አስቀመጥኳትና እንደ እናቴ ባቄላውን ፀሐይ በወጣች ቁጥር አሰጣ፣ ከጤፍ ጋር እቀላቅለው ጀመር። ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ በባቄላው መሀል ያለውን ቀዳዳ ሁሉ ይሞላዋል፤ ነቀዝ መተላለፊያ አጥቶ ይሞታል። ገዢ ሲመጣ በወንፊት ነፍተህ ጤፉን ለራስህ ታስቀራለህ። ወገብ ይፈልጋል እንጂ መርዝ አይፈልግም። በረንዳው “ሳይቸግር ጤፍ ብድር” እያለ ተረተብኝ። ጋሽ ሸምሱማ ጭራሽ ሊከሰኝ ነበር።

“እትዬ ብርቄ፣ ነቀዞችሽ ወደ እኔ ተሰደዱ!”

“የኔ ለመሆናቸው መታወቂያቸውን አይተሃል?”

“ወላሂ አውቃቸዋለሁ! ወፍራሞቹ ያንቺ ናቸው!”

ይባስ ብሎ የዱቄቱን መጠን ጨመረ። እኔ ግን አፌ እስከዛሬ ሥራ ፈትቶ የኖረ አፍ ነው፤ አሁን ሥራ አገኘሁለት። ውሃ ቦኖ ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ የስኳር ሰልፍ ላይ፣ ያገኘኋትን ሴት ሁሉ “እርጉዝ ካለሽ ከዱቄቱ አርቂያት፣ አስመስሎ የተቀረጸ ማህተም ነው!” እያልኩ ለፈፍኩ። ግማሹ ሰማ። ግማሹ ሳቀ። አንዷ እንዲያውም ቀበሌውን የሰደብኩ መስሏት በጆሮዬ “ኧረ ቀስ በዪ” አለችኝ።

ሙላቷ በስምንተኛ ወሯ ወለደች። ሴት ናት፤ እፍኝ የማትሞላ። ሐኪም ቤት እሳት የመሰለ አምፖል ሥር አስተኝተዋት ሰነበተች፤ እኔ በመስኮት እያየሁ ሰነበትኩ። ትተርፍ አትተርፍ እንደሆነ የሚነግረኝ አልነበረም። በአስራ ስድስተኛው ቀን ታቅፈናት ወጣን። ጠያቂ ሴቶች መጡ፤ ልጅቷን ገላልጠው ምልክት ፈለጉ። አንዷ “ጥፍሯ የነጣው ከዱቄቱ ነው” አለች። ሌላዋ “ጭንቅላቷ ባቄላ ይመስላል” አለች። እኔ ሁለቱንም በትህትና ሸኘኋቸው፤ ትህትናዬ ቦኖው ድረስ ተሰምቷል ይላሉ።

ልጅቷ ትዕግሥት ተባለች፤ አሁን ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። በቁመት ከእኩዮቿ ታንሳለች። ዳዴ የተወችው ዘግይታ ነው። አፏ ግን ቶሎ ተፈታ፤ እሱ ከዱቄቱ እንዳልሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በየጊዜው ለሚዛን ስወስዳት ሲስተሯን “ማነሷ ከዚያ ነው?” እላታለሁ፤ “አላውቅም” ትለኛለች። ይሁን። ልጆች በተፈጥሮም ያንሳሉ፣ አለጊዜያቸውም ይወለዳሉ፤ ሁለቱ የወረዱት እንኳ በምን እንደወረዱ የሚያውቅ አንድ እግዚአብሔር ነው። አያቶቻችን የእናት ኑሮ ልጅ ላይ ይታተማል ሲሉ አልተሳሳቱም ነበር፤ ማህተሙን የፈለጉት ጉንጭ ላይ ሆነና ነው። እኔ ለማንም ይሄ ነው ብዬ አልምልም። ዱቄቱን ግን ቤቴ አላስገባም።

እንግዲህ ያስቀመጥኩላችሁን ጣፋጭ ላውጣው። ባለፈው ዓመት አንድ የገበያ ቀን ጋሽ ሸምሱ፣ ያ የዲዲቲው ሃይማኖተኛ፣ ወደ ሱቄ ገባ። ቆቡን ሦስት ጊዜ አስተካከለ። ስለ ዝናቡ ጠየቀኝ። ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ። ጤናዬን ጠይቆኝ አያውቅም። የልጁ ሚስት ከሱ ሱቅ ውስጥ ምስር ስትለውስ እስከ ክርኗ ነጭ ሆና ሳያት ስለከረምኩ፣ ምን ሊል እንደሆነ ግማሹ ገብቶኛል፤ ግን አላገዝኩትም፤ ደስታዬን ለምን ላሳጥረው? በመጨረሻ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ ሹክ አለኝ። ቃሌን ጠብቄለታለሁ፤ ሕፃኑም በሰላም ተወልዶ ስሙ ከወጣ ወራት አልፈዋል፤ ስለዚህ አሁን ብናገረው ነውር የለውም። ሳልጨምር ሳልቀንስ እንዲህ ነበር ያለኝ፦

“ወንፊትሽን አውሺኝ፤ ጤፉን እንዴት እንደምትቀላቅዪውም አሳዪኝ። የልጄ ሚስት ሦስት ወሯ ነው። ብቻ እትዬ ብርቄ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ለማንም እንዳትነግሪ!”